በደህናው ጆሮ በኩል

ማስታወቂያው የተለጠፈው ሰኞ ነው፤ መግቢያው በር ላይ፣ ከካፍቴሪያው የምሳ ዝርዝር አጠገብ። እኔ ያነበብኩት ማክሰኞ ነው። ሰኞ ዳይሬክተሩ በአንድ ቀን አምስት ስብሰባ ጠርቶ ምላሴ ደርቆ ስለነበር የወጣሁት፣ የተለጠፈ ነገር ማየት ቀርቶ መንገዱም አልታየኝም። "የአስተርጓሚ የሥራ መደብ ከሚቀጥለው በጀት ዓመት ጀምሮ የሚታጠፍ መሆኑን እናስታውቃለን" ይላል። በምትኩ "የባህል ተሻጋሪ ግንኙነት ኃላፊ" የሚባል መደብ ይከፈታል። ለመደቡ የሚታሰበው በዓለም አቀፍና ባህል ተሻጋሪ ኮሙኒኬሽን ሁለተኛ ዲግሪ ያለው፣ ወይም ለመማር ማመልከቱን የሚያሳይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እስከ ወሩ የመጨረሻ ዓርብ የሚያቀርብ ሠራተኛ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ደሜ ስለፈላ አልጨረስኩትም።

በዚህ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት አስተርጉሜያለሁ። ዳይሬክተሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ነው፤ ከእኛ ቋንቋ የሚያውቀው "ደህና" እና "ቶሎ" ብቻ ሲሆን ሁለቱንም ያለ ቦታቸው ነው የሚያስገባቸው። ሠራተኛው ደግሞ የእሱን አያውቅም። መሃል ላይ እኔ አለሁ። ሠራተኞቹ "አፋችን" ነው የሚሉኝ፤ "አፋችን መጣች"፣ "አፋችን ዛሬ ፊቷ ጥሩ አይደለም" ይባባላሉ። ይኼ ሁሉ ሆኖ አንድ ቀን ጠዋት ከምሳ ዝርዝር አጠገብ ትታጠፊያለሽ ይሉኛል። እኛ ፋብሪካ አንሶላ እንኳ ታጥቦ ነው የሚታጠፈው።

የሰው ኃይል ኃላፊው ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ።

"እኔ ምን ላድርግ፣ መመሪያ ነው" አለኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት።

"እና አሥራ አንድ ዓመት ምን ስሠራ ነበር?"

"እሱማ ልምድ ነው።"

"ታዲያስ?"

"ልምድ መስፈርቱ ውስጥ የለም።" እንዳዘነልኝ ፊቱ ያስታውቃል፤ ማዘኑ ደግሞ ይበልጥ አበሳጨኝ። "በርቀት የሚሰጠውን እንዳታመጪ ብቻ፣ የርቀት አንቀበልም ብለዋል። አንድ ቦታ አመልክቺና ማኅተሙን አምጪ፣ መደቡ ያንቺ ነው። ሌላ ማን አለን?"

ሌላ ማንም ከሌለ ታዲያ ለምን ያስመርሩኛል? ብጠይቀው መልሱ ያው መመሪያ ነው የሚሆነው። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከታናሽ እህቴ ጋር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን። እህቴን ቤት ውስጥ "ጠቅላላ" ነው የምንላት፤ ጠቅላላ እውቀት ለማለት ነው፣ የማታውቀው ነገር የለም። አሥራ አራት ዩኒቨርሲቲ አየን። አሥራ አራቱም "ዓለም ወደ አንድ መንደር እየተለወጠች ባለችበት በአሁኑ ዘመን" ብለው ነው የሚጀምሩት። የአሥራ ሦስቱ ፎቶም አንድ ነው፤ መልካቸው የማይመሳሰል አራት ወጣቶች አንድ ላፕቶፕ ላይ አጎንብሰው ይስቃሉ።

"እነዚህ ልጆች ሥራ የላቸውም?" አልኩ።

"ተማሪዎች ናቸው እኮ።"

"ምኑ ነው የሚያስቃቸው?"

"ባህላቸው ተሻግሮ ይሆናል" አለችና የትምህርት ዝርዝሩን ከፈተች። "እይ፣ 'ዝምታ እንደ መልእክት' የሚባል ኮርስ አለ። ሦስት ክሬዲት። እሱን አንቺ ትወድቂያለሽ።"

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ስንጥል ስንጥል ሦስት ቀረልን። የመጀመሪያው ውጭ አገር ነው፤ ሐይቅ ዳር የተሠራ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በመስታወት የታጠረ። አልዋሽም፣ ልቤ እዚያ ነበር። ማመልከቻ የሚቀበሉት ግን ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ እኔ ታጥፌ ቁም ሳጥን ገብቻለሁ። ሁለተኛው በርቀት የሚሰጥ ሲሆን ቅጹ አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ ማኅተሙም በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፤ ጠቅላላ ካልሞላሁልሽ ብላ ስትለምነኝ የኃላፊውን ነገር ነግሬ አሳፈርኳት። የቀረው እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ ከሥራ በኋላ የሚማሩት ነው። ድረ ገጹ ላይ ፎቶ እንኳ የለውም። ቅጹ አራት ጥያቄ አለው፤ ሦስቱ ስምና ዕድሜ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የአለቃ የድጋፍ ደብዳቤ ናቸው። አራተኛውን ጠቅላላ ጮክ ብላ አነበበችው።

"በሁለት ቋንቋ ወይም ባህል መካከል ሆነው ሲሠሩ በእርስዎ ምክንያት የተበላሸ አንድ እውነተኛ ገጠመኝ ይጻፉ። ጽሑፉን በገጠመኙ ውስጥ የነበረ ሌላ ሰው ያንብበውና ይፈርምበት።"

"ይኼ ትምህርት ቤት ነው ፖሊስ ጣቢያ?" አልኩ።

የአለቃውን ደብዳቤ ማግኘት ቀላል ነበር። ዳይሬክተሩ ቆሞ ነው ያጻፈኝ፤ ሁለት መስመር። "በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከሠራተኞቼ ጋር አንድም ቀን ተጣልቼ አላውቅም። ይህ የሆነው በእሷ ነው።" የዚያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነው የዋልኩት።

ለአራተኛው ጥያቄ አንድ የሚያስቅ ነገር ጻፍኩ። ዳይሬክተሩ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት የጥገና ሠራተኞቹን ሰብስቦ ንግግር ሲያደርግ፣ በመሃል መሐረቡን አውጥቶ እንደ ጥሩንባ ተናፈጠና ቀጠለ። ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። እኔ "በቀልድህ ነው የሳቁት" አልኩት፤ እሱም ደስ ብሎት ከዚያ በኋላ በየስብሰባው መሃል ይናፈጥ ጀመር። የጥገናው ፎርማን እየሳቀ ፈረመልኝ። ቀነ ገደቡ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ፣ ይዤው ሄድኩ።

የፕሮግራሙ አስተባባሪ ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ የማትቸኩል ሴትዮ ናት። ቆሜ እያለሁ አነበበችው። አልሳቀችም።

"በዚህ ማን ምን አጣ?" አለችኝ።

"ይቅርታ?"

"ሰውየው ተናፈጠ፣ ሰዎቹ ሳቁ። ማን ምን አጣ?"

"ማንም ምንም አላጣም። እኔ እኮ ጎበዝ አስተርጓሚ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሏል።

"ጎበዝ አስተርጓሚ ከሆንሽማ አንድ የተበላሸ ነገር አይጠፋሽም" ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። "እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ነው።"

ደረጃውን ስወርድ ቆሽቴ አርሮ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሰውን ከሰው አስማምቼ ኖሬ፣ አሁን ያላጣላሁትን አጣልቼ ካላመጣሁ አትማሪም ይሉኛል። የአንድ ማኅተም ነገር ነው፤ እሱን ካላገኘሁ ከሥራዬ ልወጣ ነው፣ እህቴም እኔም የምንተዳደረው በዚሁ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሰርቪስ ላይ ጋሼ እንደ ሁልጊዜው ቦታ ይዞልኝ ነበር። ጋሼ የምለው የእናቴን ወንድም ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ እኔንም ጠቅላላንም ያሳደገን እሱ ነው፤ ትምህርት ቤትም ያስገባኝ፣ ፋብሪካው አስተርጓሚ ሲፈልግ ሮጦ የነገረኝም እሱ ነው። ሽመና ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። መቶ ሃያ ማሽን አንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚጮኸው፤ እዚያ ሰው ሰውን ስለማይሰማ በእጅና በከንፈር ነው የሚነጋገሩት። ግራ ጆሮው በመጀመሪያ ይጮህበት ነበር፤ በኋላ ጩኸቱ አቆመ፣ ሌላውም ድምፅ አብሮ አቆመ። ስለዚህ ሰርቪስ ውስጥ ሁሌ በግራው ረድፍ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል። ደንቆሮውን ጆሮ ለመስኮቱ፣ ደህናውን ለእኔ።

"ያ ወረቀት የት ደረሰ?" አለኝ።

ነገርኩት። በእኔ የተበላሸ ነገር እንደሚፈልጉ፣ እዚያው የነበረ ሰው መፈረም እንዳለበት፣ ሴትዮዋ እንዴት እንዳበሳጨችኝ።

"ታዲያ እኔ አለሁልሽ አይደል? የኔን ጻፊ።"

"ያንተን የቱን?"

"ለዝውውሩ ዳይሬክተሩ ዘንድ የገባን ጊዜ ነዋ። እኔ የሱን አላውቅ፣ እሱ የኔን አያውቅ። አንቺ ባትኖሪ እዚያ ቢሮ ውስጥ ምን ልንሆን ነበር?"

"ጋሼ፣ የተበላሸ ነው የሚፈልጉት።"

"እንግዲህ የተበላሸውን ፈልጊበት፣ እኔ አላየሁም። 'አልረሳሁህም' ብሎኛል እኮ። ስንት ጉዳይ ያለበት ሰው፣ አንዱን ሸማኔ አልረሳሁህም ሲል ቀላል ነው?" ፈገግ አለ። "አምና የሳሙና ፋብሪካው ለመጋዘን ጥበቃ ና ሲለኝ ለምን እምቢ ያልኩ ይመስልሻል? ቃል የሰጠኝን ሰው ጥዬ ልሂድ? ነውር አይደለም?"

"የምን ሳሙና ፋብሪካ?"

"አልነገርኩሽም። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። ጸጥ ያለ ሥራ ነበር አሉ።"

ደህናውን ጆሮ ወደኔ አዘንብሎ መልሴን ይጠብቃል። ቦርሳዬን ከፍቼ የሌለ ነገር ስፈልግ ፋብሪካው ደረስን።

የሆነው እንዲህ ነው። ሥራውን ያስለመደኝ፣ አሁን ጡረታ የወጣ አንድ ሽማግሌ አስተርጓሚ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ላይ ያስተማረኝ ነገር እኛ ፋብሪካ ያለ አስተርጓሚ ሁሉ የሚሠራበት ልማድ ነው፤ "አይሆንም" በእኛ በኩል አያልፍም። አለቃው አይሆንም ሲል "እናይበታለን" ብለሽ ታሳልፊያለሽ። ሠራተኛው ሲሳደብ "በአክብሮት ቅር ብሎኛል" ብለሽ ታሳልፊያለሽ። እኔ ከመምህሬም በለጥኩ። ዳይሬክተሩ "ይኼ ሰውዬ ሰነፍ ነው" ሲል "ትንሽ ብትፈጥን ደስ ይለኛል ይላል" እላለሁ፤ ሰውየው አመስግኖ ይወጣል። ያለ እኔ እዚህ ግቢ በየቀኑ ድንጋይ ይወራወሩ ነበር። ያኮራኝ ነበር፣ ምን ልደብቅ።

ጋሼ ከዛሬ አራት ዓመት በፊት ጆሮው መጮህ ሲጀምር ወደ ጨርቅ ምርመራ ክፍል እንዲያዛውሩት ጠየቀ። እዚያ ከሥር መብራት ባላቸው ጠረጴዛዎች ላይ ጨርቁን እየጎተቱ ጉድለት ነው የሚፈልጉት፤ በሩ ሲዘጋ የሰው ትንፋሽ ይሰማል። ሦስት ጊዜ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገብተናል። በመጀመሪያው ዳይሬክተሩ "አይሆንም፣ የለመደ ሸማኔ አልለቅም" አለ። እኔ "ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ትንሽ ታገሰን ይላል" አልኩ። በሁለተኛው "አይሆንም ብያለሁ" አለ። እኔ "እያየንበት ነው ይላል" አልኩ። በሦስተኛው ከወረቀቱ ቀና ሳይል "ይኼ ሰው አራተኛ ከመጣ የስንብት ደብዳቤውን ስጡት" አለ። ጋሼ ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር። "አልረሳሁህም ይላል" አልኩት።

ቀኑን ሙሉ በዳይሬክተሩ ልናደድ ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ሰውየው ሦስት ጊዜ አይሆንም ብሏል፤ ከዚህ በላይ ምን ይበል? አሁን "ከሠራተኞቼ ጋር ተጣልቼ አላውቅም" የሚለውን ደብዳቤ ሳነበው አፈርኩ። ከማን ጋር ይጣላ፣ ማንም የሱን ቃል ሰምቶ አያውቅ።

ይኼም ሁሉ ሆኖ ምሳ ሰዓት ላይ ተቀምጬ ሌላ ውሸት ጻፍኩ። እውነት ለመናገር ሰው ስፈራ እጄ ራሱ ነው የሚጽፈው። ጋሼን፣ ጆሮውን፣ ቢሮውን አስገባሁ፤ የመጀመሪያው ቀን ትንሽ አለመግባባት ተፈጠረ፣ በኋላ በእኔ ጥረት ተስተካከለ፣ ዳይሬክተሩም አልረሳሁህም አለ ብዬ ጨረስኩት። ማን ምን አጣ ካለችኝ ጆሮ አለላት። ጋሼ ደግሞ ያለ መነጽር ስለማያነብ አንብቢልኝ ይለኝና ይፈርማል። ማኅተሙ እጄ ገባ ማለት ነው።

ሐሙስ በሻይ ሰዓት ልፈልገው ሄድኩ። የት እንዳለ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አራት ዓመት ሙሉ ሻይውን የሚጠጣው ጨርቅ ምርመራ ክፍሉ በር ላይ ባለው አግዳሚ ነው። ስዛወር እንዳይቸግረኝ ከአሁኑ ልልመደው ይላል። ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በመስታወቱ በኩል ሴቶቹ ጨርቅ ሲጎትቱ ያያል።

በቀኙ በኩል ተቀመጥኩ።

"አንብቢልኝ" አለኝና ጆሮውን አቀረበ።

ጀመርኩ። ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ እያዳመጠ ራሱን ይነቀንቃል። "አልረሳሁህም" የሚለው ጋ ስደርስ እጄን ያዘኝ።

"እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሪልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኼን ሰውዬ ማንም ፊቴ እንዲያማው አልፈቅድም። ክፍላችን ውስጥ ሁሉም ያውቃል።"

ወረቀቱን አጠፍኩት።

"ጋሼ፣ አልረሳሁህም አላለም።"

"ምን?"

"እሱ አላለውም። እኔ ነኝ ያልኩት።"

ፊቴን አየኝ። ሽመና ክፍል ውስጥ ሰው ሲናገር እንደሚያደርገው ከንፈሬን ነበር የሚያየው። "እሱስ ምን ነበር ያለው?"

አሥራ አንድ ዓመት የተለማመድኩት ሁሉ ተሰልፎ አፌ ላይ መጣ። "ያው ጊዜው ትንሽ..." ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። "አራተኛ ከመጣ የስንብት ደብዳቤውን ስጡት ነው ያለው።"

"መጀመሪያ የገባን ጊዜስ?"

"አይሆንም።"

"ሁለተኛውስ?"

"አይሆንም።"

ሻይው ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆየ። ውስጥ አንዷ ጠረጴዛዋን አብርታ ጨርቁን ትስባለች።

"ለምን?" አለ።

"እንዳይከፋህ ብዬ። ደግሞ ትቆጣና ያባርሩሃል ብዬ።" ይኼ ብቻውን ግማሽ እውነት ሆነብኝ። "ደግሞ ለምዶብኝ ነው።"

"የሌላውንም ሰው እንዲሁ ነው የምታደርጊው?"

"አዎ።"

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጋሼ አንዴም ጮሆብኝ አያውቅም፤ በልጅነቴ የጎረቤት መስኮት የሰበርኩ ቀን እንኳ።

"ወረቀቱን እንደገና እጽፈዋለሁ" አልኩት። "እንዳለ፣ እውነቱን። ትፈርምልኛለህ?" ይኼን ስጠይቅ ራሴን ጠላሁት፤ ቢሆንም ጠየቅሁት። ነገ ዓርብ ነው።

"አይሆንም" አለኝ።

ቃሉን ማንም አላለሳለሰልኝም። እንዳለ መጥቶ ደረቴ ላይ አረፈ።

"ጋሼ፣ ሥራዬን ነው የማጣው።"

"ገብቶኛል። ግን ከፈረምኩልሽ አለቀ ማለት ነው። አላለቀም።" ብርጭቆውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠና ተነሳ። ሻይውን አልጠጣውም። ወደ ሽመና ክፍል ሲገባ በሩ ተከፍቶ ያ ሁሉ ጩኸት አንዴ ወጣና ተዘጋ።

ያን ከሰዓት እንደገና ጻፍኩት። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ሦስቱን "አይሆንም" እንዳሉ አስገባሁ፣ የሳሙና ፋብሪካውን፣ አግዳሚውን፣ ትናንት የጻፍኩትን ሁለተኛ ውሸት ሳይቀር። ከታች "አንብቦ የፈረመ" የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። የጥገናው ፎርማን ቢሮው ቅርብ ነው፤ ፈርም ብለው ሳያነብ ይፈርማል።

ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ አስተባባሪዋ ቢሮ ነበርኩ። መነጽሯን አደረገችና አነበበች። ሁለተኛውን ገጽ ጨርሳ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች።

"ፊርማው የለም" አለችኝ።

"መስመሩ ላይ ያለውን ያንብቡት።"

በእጄ ጽሑፍ ነው የተጻፈው። "እንዲፈርም ጠየቅሁት። አይሆንም አለ። ከፈረምኩ አለቀ ማለት ነው፣ አላለቀም አለ።"

"ያለው ልክ ይኼንኑ ነው?"

"ቃል በቃል ነው" አልኩ።

ትንሽ አሰበችና መሳቢያዋን ከፍታ ማኅተሙን አወጣች። ሁለት ኮፒ ላይ መታችበት፣ አንዱን ሰጠችኝ።

የሰው ኃይል ኃላፊው ወረቀቱን ተቀብሎ ማኅተሙን ብቻ አየ። "አላልኩሽም? ቀላል ነበር እኮ" አለኝ። በዚያ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ያለውን የወረቀት መብሻ ባነሳው እሱም ቀላል ነበር። ከዚያ በቀጥታ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባሁ።

"ሰኞ አራት ሰዓት ላይ አንድ ሠራተኛ ይዤ እገባለሁ" አልኩት በራሱ ቋንቋ። "የሽመናው ሰውዬ።"

"ለሱ አይሆንም ብያለሁ። ሦስት ጊዜ ብያለሁ።"

"ብለሃል። እሱ ግን የሰማው ትናንት ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። ምናልባት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየኝ። ምን ማለቴ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ ቀላ። ማን እንደቀጠረኝና ለምን እንደቀጠረኝ፣ ስለ እኔም ሌላ ብዙ ነገር ተናገረ፤ ለራሴ ስተረጉመው አንዱንም አላለሰለስኩትም። በመጨረሻ "አሥር ደቂቃ" አለኝ።

ቅዳሜና እሑድ ጋሼ ቤት አልሄድኩም። ጠቅላላ ሄዳ መጣች፤ ደህና ነው፣ ምንም አላለም አለችኝ። ምንም አለማለቱ ምን ማለት እንደሆነ ጠቅላላ እንኳ አላወቀችም።

ሰኞ ጠዋት ሰርቪሱ ላይ ስወጣ በግራው ረድፍ መስኮቱ ጋ ፈለግሁት፤ የለም። አልመጣም ብዬ ልቤ ወለቀ። ኋላ ሳይ በቀኙ ረድፍ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ፣ ሁልጊዜ ቦታ ሲይዝልኝ እንደሚያደርገው፣ ኮፍያውን አስቀምጦበታል። ደርሼ ስቆም ኮፍያውን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ደህናው ጆሮው በመስኮቱ በኩል ነው፤ ለእኔ የተረፈኝ ግራው ነው።

ተቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ ዘንድ እንገባለን። ያለውን እንዳለ እነግርሃለሁ፣ ያልከውን እንዳለ እነግረዋለሁ" አልኩት።

መስኮቱን እያየ ነው። ሰርቪሱ ተነሳ። ደግሜ፣ ከፍ አድርጌ አልኩት። በሦስተኛው ስጮህ ከፊት እስከ ኋላ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እሱ ብቻ አልዞረም።